ለኤች አይ ቪ ክትትል ክፍሏ ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጎንደር ውስጥ ቫይረሱ በደማችሁ ያለና «መርሳት አበዛሁ» ብላችሁ ለምትጨነቁ ሁሉ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ እኔም የራሴን አልጻፍኩም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የጥምቀት ሥራ ሲበዛ እንኳን የደንበኛን ልክ በቃሌ ነበር የምይዘው። በኋላ ግን ሜትሩን ሳላጥፍ ቁጥሩ ይጠፋብኝ ጀመር። አንድ የግል ክሊኒክ «እርጅና ነው» ብሎ ቫይታሚን ሸጦ ሸኘኝ።

ሲስተር ግን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። አራት ቃላት ነገረችኝ፤ ውሻ፣ ባርኔጣ፣ ባቄላ፣ ቀይ። አውራ ጣቴንና አመልካች ጣቴን በፍጥነት አጋጨሁ፤ ቀጥሎ እጄን ጠረጴዛው ላይ በጡጫ፣ በመዳፍ፣ በጎን እያፈራረቅሁ አሳረፍሁ። ጣቶቼ አላሳፈሩኝም፤ ቃላቱን ስጠየቅ ግን ባርኔጣው የለም። (ባርኔጣ ሰፍቼ አላውቅም፣ ሰበብ ከተፈለገ።) በዚህ አጭር የማስታወስና የእጅ ፍጥነት ፈተና ከ12 ነጥብ 10 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። «ጋሼ፣ ይህ ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አለችኝ።

የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሆኖ ሳለ ለምን እንደምረሳም አስረዳችኝ። ቫይረሱ አንጎል የሚደርሰው በተያዝን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በዋናነት የሚይዘው የነርቭ ሴሎችን ሳይሆን በዙሪያቸው ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ነው፤ ጉዳቱም በአብዛኛው ከሚያስነሱት ብግነት ይመጣል። መድኃኒቱ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ማለት ግን አይደለም። ቢሆንም ሁሉን በቫይረሱ አላመካኘችም። ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ፣ የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቂጥኝ እንዲታዩልኝ ጽፋ ወደ ሐኪም ላከችኝ። የእኔ ከፊሉ ድብርት ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናውን ጀምሬያለሁ።

አንድ ዘመዴ የአንጎልን ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ ብሎኝ ስለነበር ስለዚያም ጠየቅኋት። ኒውሮፊላመንት የሚባለውን ታውቀዋለች። የነርቭ ሴል ሲጎዳ ወደ አከርካሪ ፈሳሽና ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ለምርምር ብዙ ይጠቅማል፤ ጉዳቱ ከኤች አይ ቪ ይምጣ ከሌላ ግን ለብቻው አይለይም። «ለእርሱ ብለው ገንዘብ እንዳያወጡ» አለችኝ። ቫይታሚን ከሸጡልኝ ሰዎች ጋር ሳነጻጽራት ይገርመኛል።

ከሄዳችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፣ በራሳችሁ ፈቃድም አንዱንም አታቋርጡ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ቢከተላችሁ ደግሞ ይሻላል፤ እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ያለፍኩትን ጥያቄ ሁሉ ባለቤቴ ናት እያረመች ያስጻፈችው።