የጅማ የፈረስ ጋሪ፦ በዋጋው፣ በጭነቱና በፈረሱ ጀርባ ሲመዘን

ጅማ ውስጥ ከመርካቶ እህል፣ ሲሚንቶ ወይም የቤት ዕቃ ወደ ሰፈሩ ማድረስ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ሦስት ምርጫ አለው፤ አይሱዙ ይከራያል፣ የጭነት ባጃጅ ይጠራል፣ አለዚያም ጋሪ ያስቆማል። ይህ ግምገማ ሦስተኛውን ይመለከታል። ቤታችንን ስናድስ አሸዋውንና ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ወዲህም የዓመት ቀለባችንን በቆሎ ያስጫንነው በጋሪ ስለሆነ፣ የምጽፈው በተለያየ ጊዜ ስላገለገሉን ባለጋሪዎች ሁሉ ነው። አገልግሎቱን በዋጋና በፍጥነት ብቻ መመዘን ይቻል ነበር። ጭነቱን የሚጎትተው ነፍስ ያለው እንስሳ ስለሆነ ግን የፈረሱን ሁኔታ ሳይመለከቱ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም።

ከዋጋው ልጀምር። ጋሪ ከጭነት ባጃጅ ይረክሳል፤ ልዩነቱ በአጭር መንገድ ላይ በግልጽ የሚታይ ሲሆን ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆች ማደያ በር ላይ በሚሰለፉበት ሰሞን ጋሪ ሥራውን አያቆምም። ክረምት ላይም የጭነት ባጃጅ ጭቃ ፈርቶ በማይገባበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጋሪ እስከ ደጃፍ ይደርሳል። ጉድለቱ፣ አብዛኞቹ ሸራ ይዘው አለመዞራቸው ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ ይህ ቀላል ጉድለት ስላልሆነ፣ ሲሚንቶ የሚያስጭን ሰው ላስቲኩን ራሱ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። መስታወትና ቴሌቪዥን በጋሪ እንዲጫን አልመክርም።

ክፍያው በጉዞ እንጂ በክብደት አይደለም፤ እንደ እኔ እምነት የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ደንበኛው የአንድ ጉዞ ሒሳብ ከፍሎ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረስ ይፈልጋል፤ ባለጋሪው እምቢ ቢል ከኋላው የቆመው እሺ እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ይጫናል። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አንድ ኩንታል ስለሆነ አሥር ከረጢት ማለት 500 ኪሎ ነው፤ በዚህ ላይ ጋሪው ራሱ አለ፣ ነጂውም አለ። ጎማው በደንብ ከተነፋና መንገዱ ሜዳ አስፋልት ከሆነ ጤነኛ ፈረስ ይህን ሊጎትት ይችላል። አቀበት ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ ጋሪውና ጭነቱ 600 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ፈረሱ በሜዳ ከሚያወጣው ጉልበት በተጨማሪ 60 ኪሎ ያህል ክብደት ያለማቋረጥ አንጠልጥሎ የመውጣት ያህል ይደክማል። ቁልቁለቱም ዕረፍት አይደለም፤ ያየኋቸው ጋሪዎች ፍሬን የሌላቸው ስለነበሩ ጭነቱ እንዳይንደረደር የሚገታው ፈረሱ በገዛ ሰውነቱ ነው። በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ወደ ጅሬን የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም።

የጭነቱ አደራደርም ከመጠኑ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። ጋሪው በሁለት ጎማ የሚቆም ስለሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ካዘነበለ ዘንጎቹ የፈረሱን ጀርባ ይጫናሉ፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ደግሞ ዘንጎቹ ሽቅብ ተነሥተው በሆዱ ሥር ያለፈው ማሰሪያ ያንቀዋል። ጎበዝ ባለጋሪ ጭኖ ሲጨርስ ዘንጉን በእጁ አነሣ አነሣ አድርጎ ሚዛኑን ይፈትሻል፤ ይህን ሳያደርግ ጅራፉን የሚያነሣውን አላስጭንም።

ወደ ፈረሱ እንምጣ። በአንዱ ቀን የመጣልን ፈረስ ላይ የደረት ማሰሪያው ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ነበር፤ ጀርባው ላይ ያረፈው ደግሞ የናይለን ገመድ ሲሆን ከሥሩ የታጠፈ ጆንያ ገብቷል። ጆንያው በላብ ረጥቦ ወደ ጎን ሸርተት ስላለ ገመዱ ጫንቃው ላይ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ቁስል አውጥቶ፣ ዝንብ ወሮት ነበር። ባለጋሪው ቁስሉን የሸፈነው በጆንያው ጫፍ ነው፤ ደንበኛ አይቶ እንዳይመለስ መሆኑን አልደበቀም። እንዲህ ያለው ቁስል ከሕመሙ ሌላ የሚያመጣው ጣጣ አለ። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ከሥራ ከሚያስወጡት በሽታዎች አንዱ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቁስል በኩል ገብቶ በእግርና በአንገት ላይ በመስመር የተደረደሩና እየፈረጡ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ያስከትላል፤ ዝንቦችም ከፈረስ ወደ ፈረስ ያዛምቱታል። በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች በሽታው በብዛት የተገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባሉ እርጥበታማ አካባቢዎች ነው፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውና ዝናብ የማያጣት ጅማ ከዚህ ክልል አትወጣም። ሥር ከሰደደ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን በጨርቅ መደገፍ ለባለጋሪው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የእንጀራውን ዕድሜ ማራዘም ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የጋሪ ፈረስ ቁስል በተቃጠለ ዘይት ሲታከም ማየት ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ጋሪ ይከልከል» ቢል አልፈርድበትም፤ ነገር ግን አልስማማም። ባለጋሪው ፈረሱንና ጋሪውን ሸጦ ባጃጅ መግዛት አይችልም፤ የሚችል ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልጠበቀ ነበር። ፈረሱም ቢሆን ሥራ በመፍታቱ አያርፍም፤ በየከተማችን አርጅቶ ወይም ታሞ መጎተት ያቃተው ፈረስ ዕጣው መንገድ ዳር መለቀቅ፣ ፌስታል መብላትና በመጨረሻም የጅብ እራት መሆን እንደሆነ እናውቃለን። ከአካባቢ አንጻር ጋሪ ጭስ አያወጣም የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ሆኖም ፈረስ ሣር ይፈልጋል፣ ከተማዋ ዳር የሚገኘው የቦዬ ረግረግ ደግሞ በሸክላ ጡብ ጭቃ ቆፋሪዎች፣ በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተበላ ነው። የግጦሹ መሬት ሲጠብ ባለጋሪው ፉርሽካና ፋጉሎ በገንዘቡ ሊገዛ ይገደዳል፤ የመኖው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ተጨማሪ ጉዞ ወይም ተጨማሪ ኩንታል ይፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ በብዛት ይመጣል የሚል ተስፋ አለ፤ ለባለጋሪዎቹ በብድር የሚደርስ ከሆነ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ ግን የፈረሱ ጀርባ የሚድነው በዕለት ተዕለት ኪራይ ላይ በምንፈጽመው ውል ነው።

ይህን እንድል ያደረገኝ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት አንድ አዛውንት ባለጋሪ ነው። የመጀመሪያ ቀን አሸዋውን አይቼ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ይችለዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እስከ ዳገቱ ሥር ይችለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግማሹን አውርደን እንመላለሳለን፤ ካልተስማማህ ባጃጅ ጥራ» አሉኝ። ተስማማሁና ለሁለት ጉዞ ከፈልኩ። ድምሩ ከባጃጁ ብዙም አልተለየም፤ በዋጋ ብቻ ብመዝን ኖሮ ጋሪው ተሸናፊ ነበር። የፈረሳቸው ማሰሪያ ሰፊ ጠፍር ሲሆን ከሥሩ የተሰፋ ብርድ ልብስ አለበት፤ ከጋሪው ጎን የተንጠለጠለው ጀሪካን ውኃ የፈረሱ ነው። በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውኃ የሚፈልግን እንስሳ ጠዋት አጠጥቶ እስከ ማታ መንዳት እንደማይቻል ለማንም አልሰበኩም፤ አሸዋው እስኪወርድ ድረስ ባልዲ አቀረቡለት፣ በቃ። ጅራፍ አላቸው፤ ሲጠቀሙበት ግን ያየሁት ውሻ ለማባረር ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ለሜዳ መንገድ፣ ከሦስት ኩንታል ላልበለጠ ጭነትና ለማያስቸኩል ሥራ የጅማ ጋሪ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ በተለይ ጭቃ በሚበዛበት ወር ከባጃጅ አስበልጠዋለሁ። ለጅሬን አቀበት፣ ለረጅም የግንባታ ብረትና ለእኩለ ቀን ጉዞ ግን አልመርጠውም። ከመስማማታችሁ በፊት ጆንያውን ገለጥ አድርጋችሁ ጀርባውን ማየት ነውር የለውም፤ ቅር የሚለው ባለጋሪ መልሱን ሰጥቷችኋል። ዋጋውንም በኩንታል ተነጋገሩ፤ ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ ይገረማሉ፣ በኋላ ግን ይወዱታል። ከላይ ያነሣኋቸው አዛውንት ስልካቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ፣ የሚፈልጋቸው ሰው ጠዋት መርካቶ በእህል ተራ በኩል ማጠያየቅ ይኖርበታል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ፈረሱን ፈትተው ስለሚለቁት ከዚያ ወዲያ ለማንም አይጭኑም።