እጅሽ ይባረክ፤ ደሴ ፒያሳ ላለችው የላብራቶሪ ባለሙያ

ስሟ እንዲጠራ ስላልፈለገች ሥራዋን ብቻ እናመስግን። ፅንስ ደጋግሞ የሚጨነግፍባቸውን እናቶች የምንከታተል አዋላጆች፣ የክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘር የሚሸከመው ክፍል) ምርመራ ሲታዘዝ ወደ እሷ የምንልከው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ደም ሲቀዳ ነው።

ከባልም ከሚስትም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ትቀዳለች፤ ሚስት ብቻዋን ከመጣች ባልየውን ጥሪው ትላለች። ቲዩቡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሶዲየም ሄፓሪን ያለበት፣ ክዳኑ አረንጓዴ ነው። ለደም ቆጠራ የለመድነው ወይን ጠጅ ክዳን ለዚህ አይሆንም፤ ነጭ የደም ሴሎቹ በሕይወት ደርሰው 3 ቀን ያህል መባዛት አለባቸው። ቲዩቡን ሳትንጥ ቀስ እያደረገች ከ8 እስከ 10 ጊዜ ትገለብጠዋለች፤ ካልተገለበጠ ይረጋል። በረዶ ላይ አታስቀምጥም፣ ፀሐይ አታስነካም። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያው ቀን ታስጭነዋለች።

የጨነገፈው ፅንስ ራሱ የሚመረመር ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ዕቃና ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አስቀድማ ትሰጣለች። ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጨመር ኬሚካል) ውስጥ ከተነከረ ሴሉ ስለሚሞት አይባዛም። በልማድ ፎርማሊን የሚጨምር ስንት ሰው አለ!

ውጤቱ ደህና ነው ሲባል «ገንዘባችን ባከነ» አትበሉ። ከ100 ጥንዶች ቦታ የተለዋወጠ ክሮሞዞም የሚገኘው ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው፤ ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ ስለሆነ ሳይመረመር አይታወቅም። ከተገኘ በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጅ ናሙና ከ11ኛው፣ የሽርት ውሃ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊወሰድ ስለሚችል ሪፈሩን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ሁሉን ነገር ሾተላይ (የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም) ነው ማለት ይቅር። የደም ዓይነቷ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት ፅንስ ሲጨነግፍባት በ72 ሰዓት ውስጥ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ ትጠይቅ እንጂ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚደጋገመው መጨንገፍ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ደም የሚያረጋው የአንቲፎስፎሊፒድ ችግር በአስፕሪንና በሄፓሪን ይታከማል፤ ምርመራው ግን ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ካልታየ አይረጋገጥም። እሷ የሁለተኛውን ቀጠሮ ቀን ወረቀቱ ላይ ጽፋ ነው የምትሸኘው።

አድራሻዋን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን። ዓርብ ግን አትሂዱ፤ ናሙናው ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ይቀራል ብላ ትመልሳችኋለች።