የቀበሌ ቤት ድሬ ላይ፦ ኪራዩ 14 ብር ከ50፣ ጣራው ግን...
ሰው ስለ ሆቴል ስለ ካፌ ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ስለተጠቀምኩበት አገልግሎት ልጻፍ፣ የቀበሌ ቤት። መጋላ ነው የምንኖረው፣ እናቴ ውል የፈረመችው በደርግ ጊዜ ነው፣ እኔም እዛው ተወልጄ እዛው አደግኩ፣ ኪራዩ በወር 14 ብር ከ50 ሳንቲም። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። ወንድሜ ሳቢያን አንዲት ክፍል ይዞ 4,000 ብር ይከፍላል፣ በዛ ላይ አከራዩ ባሰኘው ቀን ጨምር ወይ ልቀቅ ይለዋል። እናቴ ግን አንድም ቀን ልቀቂ ተብላ አታውቅም፣ እንጀራ ሸጣ አራታችንን ስታሳድግ ያላሳሰባት ነገር ቢኖር የቤት ኪራይ ነው። ለዚህ ከአምስት አምስት።

ለማታውቁት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተባለ። ከዛ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዛ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች፣ ያው አሁን ፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የምንለው። ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ዛሬም ድረስ ያማቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ግን የደሃው ቤት ሰፈር ውስጥ ባለ ጽህፈት ቤት እጅ መግባቱን እኔ ትልቅ ነገር ነው የምለው፣ ምክንያቱም የሰፈር ሰው ማን እንደታመመ ማን ስራ እንደፈታ ያውቃል። እናቴ ታማ ሶስት ወር ሳትከፍል በር ያንኳኳባት የለም፣ ሲሻላት ሄዳ ከፈለች፣ አበቃ።

ጥገና ላይ ግን አቦ ያቃጥላል። ቆርቆሯችን ከመዛጉ የተነሳ ቀን ፀሐይዋ በቀዳዳው ገብታ ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያክል ብርሃን ትጥላለች፣ ማታ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እናቴ ሳፋው የት የት እንደሚቀመጥ መብራት ሳታበራ ታውቀዋለች። አመለከትን። ባለሙያ መጣ፣ በሜትር ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ፣ ከዛ በጀት የለም ተባልን። እሺ በራሳችን ብር እንቀይረው ስንል ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም፣ ፈቃዱ ስምንት ወር ፈጀ፣ አንድ ቀን ለመመላለስ ለባጃጅ የከፈልኩት ከወር ኪራያችን ይበልጣል። በዚህ መሃል የጎረቤታችን የአዴ የማድቤት ግድግዳ ወደቀ፣ እግዜር ነው ያወጣቸው፣ ግቢ ወጥተው ውሃ እየቀዱ ነበር። ለጥገና ከአምስት አንድ፣ እሱም ለለካው ልጅ ትህትና።

ሰራተኞቹን ብቻ አልወቅስም፣ 14 ብር እኮ ምስማር አይገዛም! በዚህ ገቢ ማን ነው ጣራ የሚቀይረው? እኔ አሁን ስራ አለኝ፣ 300 ብር ክፈል ቢሉኝ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ፣ ብሩ እዛው ጣራችን ላይ ከዋለ። እንደ አዴ ያሉት አቅም የሌላቸው በድሮው ኪራይ ይቀጥሉ፣ ተከራይ በራሱ ያሳደሰው ደግሞ ደረሰኝ አቅርቦ ከኪራዩ ይታሰብለት፣ ይሄ ምን ይከብዳል። በጣም የሚያናድደኝ ግን የቀበሌ ቤት ይዞ ለሌላ በሺዎች የሚያከራየው ነው፣ ስንት ልጅ ያዘለች እናት ተመዝግባ እየጠበቀች።

የቀበሌ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ደረሰኝ እንዳትጥሉ። አምና ውል ለማደስ ስሄድ ፋይላችሁ የለም አሉኝ፣ እናቴ ድምጿን ሳታሰማ ከአልጋዋ ስር የኒዶ ጣሳ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያለው ሁሉ በክር ታስሮ ተቀምጧል፣ የድሮዎቹ ቢጫ ሆነው ጫፋቸው ይፈረፈራል። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩላቸው፣ በዛው ቀን አደሱልን።