ኮምቦልቻ ላይ ማርሚታ ከፍ ማስደረግ፦ ስለ ብየዳው ጥራትና ስለ ሙቀቱ

ከአስፋልት ወጥቶ በቃሉ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ለሚመላለስ ባለሞተር ዝቅ ብሎ የተሠራ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ብዙ አይመችም፤ በድንጋይ ይመታል፣ በክረምት ወንዝ ሲሻገርም ውኃ ይገባዋል። ይህ ግምገማ ማርሚታን ከእግር መርገጫው በላይ አንስቶ የሚበይድ አንድ የኮምቦልቻ ብየዳ ቤት የሠራውን ሥራ ይመለከታል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ 150 ሲሲ ነው።

በብየዳው በኩል የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁም። ቱቦው መታጠፊያው ላይ አልተጨፈለቀም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም የጭሱ መውጫ ሲጠብ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ መውጣት የነበረበት ሙቀትም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ይቀራል። ጓርኒሲዮኑ (ጭስ በመጋጠሚያው እንዳያፈተልክ የሚገባው ማሸጊያ) በአዲስ ተተክቷል፤ መጋጠሚያዎቹም ሞተሩ ገና ሳይግል በሳሙና ውኃ ተፈትሸዋል። ዋጋውም አስቀድሞ ከተነገረው አልጨመረም።

ችግሩ ያለው ማርሚታው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ በነበረበት ጊዜ ነፋስ ከየአቅጣጫው ያገኘው ነበር። ከፍ ሲል ግን በጎን ሽፋኑ ፕላስቲክ፣ በባትሪው ሳጥንና በኋላው አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) አጠገብ ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ባለሙያው መጀመሪያ ያሰረው ደግሞ በቱቦውና በሽፋኑ መካከል ጣት እንኳ በማያስገባ ርቀት ነበር።

ይህ አሠራር ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሲነዱ ችግሩን አያሳይም፤ የሚያሳየው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን አቀበት ሲወጡ ነው። ከ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጋዙ ተከፍቶ ይሠራል። የሚያቃጥለው ቤንዚን ብዙ፣ ፍጥነቱ ግን አነስተኛ ስለሆነ ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ በመሆኑ ከቱቦው የሚወስደው ሙቀትም አነስተኛ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ደሴ ፒያሳ ደርሰው ሞተሩን ሲያጠፉት ነው። ነፋሱ ወዲያው ይቆማል፣ ቱቦው ግን ገና ትኩስ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ወደ ባትሪውና ወደ ኮርቻው ሥር ይወጣል። በዚህ ሞተር ላይ ከቱቦው ትይዩ የሚገኘው የሽፋኑ ክፍል በአንድ የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ ስፋት ያህል ወዙ ጠፍቶ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ነበር።

ቱቦው የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚግል ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የብረቱን ቀለም ማየት ይበቃል። ተራ ብረት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ 300 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። እዚህ በቴስታታው አንገት ያለው መታጠፊያ ሰማያዊ ሆኗል፣ ከባትሪው ትይዩ ያለው ቢጫ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ቢመስልም፣ 300 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት በጨረር የሚለቀው ሙቀት 200 ላይ ያለው ከሚለቀው እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ወደ አንገቱ የቀረበው የቱቦ ክፍል ከፕላስቲክና ከሽቦ ይበልጥ መራቅ አለበት። የባትሪው ነገር ደግሞ የሚያታልል ነው። የአሲድ ባትሪ በሙቀት ምክንያት በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እያጠረ ይሄዳል። ባትሪው ያለ ጊዜው ሲደክም ታዲያ የሚወቀሰው ባትሪ ሻጩ ነው እንጂ ማርሚታውን ያሰረው ሰው አይደለም።

ቅሬታው ሲቀርብለት ብየዳ ቤቱ ያለ ክርክር አስተካክሏል። የማርሚታውን መያዣ ወደ ውጭ አስረዝሞ በቱቦውና በሽፋኑ መካከል የላሜራ መከላከያ አቁሟል። የሥራው ምርጥ ክፍል ይህ መከላከያ ነው፦ ቱቦውን በየትም አይነካም፣ ላይና ታቹ ክፍት በመሆኑ አየር ያሳልፋል፣ የታሰረውም በሁለት ቡሎን ብቻ ሆኖ ከሥራቸው ወፍራም ሮንዴላ ገብቷል። ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ላሜራው ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ሽፋኑ ያሻግር ነበር። አሁን ሐረጎን ወጥቶ እንደቆመ ሽፋኑን በእጅ መያዝ ይቻላል። ባለሙያው በተጨማሪ ቱቦውን ሙቀት በሚችል ጨርቅ ለመጠቅለል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እኔ አልተቀበልኩትም፣ ምክንያቱም ጨርቁ በክረምት እርጥበት ይዞ ተራውን ብረት ያዝገዋል።

የቀረ ጉድለት አለ። በውጭ በኩል ለኋላ ተቀማጭ ባት መከላከያ አልተሠራም፤ ቀሚስ ለብሳ የምትቀመጥ ሴት ይህን ሳታውቅ መሳፈር የለባትም። የኋላ ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ሞተር ያለው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ የኋላው የፍሬን ዘይት ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያው በማርሚታው በኩል ነው። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ አድርጎ ፍሬን ያሳጣል። እንዲህ ያለ ሞተር ያላቸው ሰዎች የዘይቱ ቱቦ ቦታ እንዲቀየር ከብየዳው በፊት ይነጋገሩ፤ ማርሚታውም ሽፋኑና ባትሪው በቦታቸው ታስረው ሳሉ ተለክቶ በነጥብ ብየዳ ብቻ (ለጊዜው በጥቂት ቦታ ተነክቶ) እንዲያዝና ክፍተቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ እንዲጠናቀቅ ይጠይቁ።