ክሮኖስ ኳርቴት፦ በየትኛው አልበም ልጀምር?

ክሮኖስ ኳርቴት የአራት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች አሜሪካዊ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አልበሙ «ፒስስ ኦፍ አፍሪካ» ለጆሮ ይቀላል። ጋምቢያዊው ፎዴይ ሙሳ ሱሶ ኮራውን (በገና መሰል የምዕራብ አፍሪካ መሣሪያ)፣ ኑቢያዊው ሐምዛ ኤል ዲን ከበሮውን ይዘው ከአራቱ ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር ይጫወታሉ፤ ምቱ ወዲያው ይይዛል።

የ1990ው «ብላክ ኤንጅልስ» ግን አድማጩን አያባብልም። የአልበሙን ስም የያዘውን ሥራ አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆርጅ ክራም በ1970፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን ጻፈው። ቫዮሊኖቹ በኤሌክትሪክ ድምፃቸው ጎልቶ እንደ ተርብ መንጋ ይጮኻሉ፤ ተጫዋቾቹ ቁጥር ይጠራሉ፣ ውኃ የያዙ ብርጭቆዎችን በደጋን ይገዘግዛሉ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ሃሪንግተን ኳርቴቱን በ1973 የመሠረተው ይህንኑ የክራም ሥራ በሬዲዮ ሰምቶ ነው። (በዚያው አልበም የሩሲያዊው አቀናባሪ የሾስታኮቪች ስምንተኛ ኳርቴት፣ ማለትም ለአራት ባለ ክር መሣሪያ የተጻፈ ሥራም አለ።)

ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። እኔ ግን ደጋግሜ የምሰማው ሁለተኛውን ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻዬን።