እጃችሁ ትንሽ ለሆነ ብስክሌተኞች፡ አራት ኪሎ ያሉት ጋሼ ፍሬኔን ያስተካከሉበት መንገድ

እጄ ትንሽ ነው። ጓንት ስገዛ የልጆቹ ጋ ነው ምፈልገው። እና ማውንቴን ባይኬን ከገዛሁ ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ ቸርችልን ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ስወርድ ነፍሴን ይዤ ነበር ምወርደው። ፍሬኑ አልሰራ ብሎ አይደለም፣ ሺማኖ ሃይድሮሊክ ነው (በኬብል ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሰራው)፣ ጥርቅም አርጎ ይይዛል፣ ችግሩ የፍሬኑ እጀታ ከመሪው በጣም ስለሚርቅ ጣቴ እንዲደርስ መዳፌን ማንሳት አለብኝ፣ በአንድ ጣት ስለማይሆንልኝ በሶስት እጎትታለሁ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ስደርስ አውራ ጣቴ ስር ያለው ጡንቻ ይቃጠላል። የገዛሁበት ሱቅ ሄጄ ስነግራቸው "ትለምጂዋለሽ" አሉኝ። ሌላ ቦታ ያለ ልጅ ደግሞ እጀታው ራሱ ይቀየር ብሎ የሚያስደነግጥ ብር ጠራብኝ።

በመጨረሻ አንዷ የስራ ባልደረባዬ አራት ኪሎ ውስጥ ለውስጥ ያሉ ጋሼ ጋ ላከችኝ። ሱቅ ብላችሁ እንዳትፈልጉ፣ ቆርቆሮ ጥግ አንድ ዱካና አንድ ሳጥን መፍቻ ነው።

ጋሼ ቶሎ መፍቻ አላነሱም። "ውጪበት" አሉኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ኮርቻው ላይ ቁጭ አልኩ። "አይንሽን ጨፍኚና ስትነጂ እንደምትይዢው ያዢ። አሁን ሌባ ጣትሽን ብቻ ዘርጊ።" ጣቴ ያረፈው እጀታው መሀል ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎበጥ ያለች ቦታ ጋ መሆን ነበረበት። በር በማጠፊያው በኩል ብትገፉት እንደሚከብደው ማለት ነው፣ ለካ ስድስት ወር ሙሉ ማጠፊያው ጋ ነው ስገፋ የነበረው። በእስክሪብቶ መሪው ላይ ምልክት አረጉና ማርሽ መቀየሪያውን አስጠግተው እጀታውን ወደ መሀል ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ገፉት። ደግሞ በጣም ወደ መሬት ዘቅዝቆ ስለነበር ከክንዴ ጋር ቀጥ እስኪል ቀና አረጉት።

ርቀቱን የነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጀታው ላይ አንዲት ትንሽዬ ብሎን አለች (ስድስት ወር ስነዳ አይቻት አላውቅም!)፣ በቀጭን አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎኑ) ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ "ያዢ… ልቀቂ… ያዢ" እያሉ መዳፌ ሳይነሳ ጣቴ እጀታውን እስኪጠቀልል አቀረቡት። እኔ ገና ይቅረብ ስል እምቢ አሉ። በሀይል አስጎተቱኝና እጀታው መያዣው ላይ ያሉትን ሌሎች ጣቶቼን ሊነካ ሲል አሳዩኝ፣ ግማሽ ዙር መለሱት። ዘይቱ ውስጥ አየር ቢኖር ኖሮ ከዛም አልፎ መሪው ጋ ይደርስ ነበር አሉ። የኬብል ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ይቺ ብሎን ስትጠብቅ ኬብሉንም ስለምትስበው የፍሬኑ ሸራ ሳትይዙትም መንካት ይጀምራል፣ ስለዚህ ኬብሉንም ማላላት እንዳትረሱ።

አንድ የተጣላንበት ነገር፣ እጀታውን መሪው ላይ ሲያስሩት ጥርቅም አላረጉትም። ረስተው መስሎኝ "ጋሼ ይጥበቅ እንጂ" ስላቸው "ልጄ፣ ስትወድቂ ዞር ይበል ብዬ ነው፣ ካጠበቅኩት ይሰበራል" አሉኝ። በተለመደው ጉልበት ስጎትተው ንቅንቅ አላለም፣ በቡጢ ሲመቱት ግን ዞረ። አፍሬ ዝም አልኩ።

ቅር ያለኝ ወረፋው ነው። ከፊቴ ሶስት የዴሊቨሪ ልጆች ነበሩ፣ የሃያ ደቂቃ ስራ ለማሰራት ሰአት ተኩል ቆሜያለሁ፣ መቀመጫውም ያው አንዱ ዱካ ነው እሱም የሳቸው። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። 250 ብር ከፈልኩ፣ ቴሌብር ይቀበላሉ።

በማግስቱ ቸርችልን በአንድ ጣት ወረድኩ፣ ፖስታ ቤት ጋ አንድ ሚኒባስ ድንገት ፊቴ ቆመ፣ ያዝኩ፣ ቆምኩ፣ መዳፌ ከመያዣው አልተነሳም።

ጓንት አርጋችሁ ምትነዱ ከሆነ ጓንቱን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ባዶ እጄን ነው ያስለካሁት፣ ጓንት ሳረግ ጣቴ ወፍሮ በእጀታውና በመሪው መሀል ጠበበኝ። ተመልሼ ስሄድ ጋሼ ሳቁብኝ፣ ብር ግን አልተቀበሉኝም።