የእናቴን ትንፋሽ ቁጭ ብላ ላየችልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

በጅማና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይ ትንፋሽ የሚያጥረው እናት ወይም አባት ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያ እናቴን ከብዙ ሥቃይ አሳርፋልኛለች። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ ቃሏን አክብሬያለሁ፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ሳልናገር አልቀርም።

እናቴ ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው። ጅሬን አቀበት ሥር ባለው ቤታችን፣ መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት፣ ዝናብ ባረጠበው እንጨት። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ሳንባ ይጎዳል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። የኋላ ኋላ ግን ከበር እስከ ውሃ ቧንቧው መሄድ አቃታት። ሌሊት ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ እኛም አብረናት ቁጭ።

ያኔ የደረሰብንን አልረሳውም። አንዱ ጋ ስንሄድ ጣቷ ላይ ያቺን ኦክስጅን የምትለካ መቆንጠጫ አደረጉና ቁጥሩን አይተው «ደህና ነሽ» ብለው ሸኙን። በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው እናቴን «አንቺ» እያለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት! ትከሻዋ ከጆሮዋ ሊገጥም እየደረሰ፣ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች እየተገተሩ፣ ቁጥሩ ደህና ስለሆነ እሷም ደህና ተባለች። ሌላው ጋ ጭንቀት ነው ተብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘላት። የቡናችንን ገንዘብ ይዘን አዲስ አበባ ድረስ ሄድን፤ ራጅ ተነሳች፣ እንደገና ራጅ ተነሳች፣ ኢንሄለር፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ የትንፋሽ መድኃኒት፣ ተሰጣት። አጠቃቀሙን ያሳያት ግን የለም። ምላሷ ላይ እየነፋች ምራቋን ትውጥ ነበር። ገንዘባችን ይቅር፣ የሚያንገበግበኝ እናቴ «ልጆቼን አስቸገርኩ» ብላ ዝም ማለት መጀመሯ ነው።

እዚህ ጅማ የመረመራት ሐኪም የሳንባዋ ቱቦዎች በጭስ ብዛት እንደጠበቡ ነግሮን ወደዚች ልጅ መራን። ገብተን ስንቀመጥ መጀመሪያ ወረቀቷን አልጠየቀችም። በርጩማዋን ስባ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠችና እጇን ከጎድን አጥንቷ በታች አሳረፈች። ከዚያ ሰዓቷን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከእኛ ጋር አላወራችም፣ ስልክ አላነሳችም። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል አለችን፤ እናቴ ተቀምጣም ከ30 ታልፍ ነበር። «እማማ፣ አየሩን ወደ ውስጥ ለማስገባት ያለዎት ትግል ምን ያህል ነው? ምንም ካልሆነ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ካሉ 10 ይበሉኝ» አለቻት። እናቴ ጥቂት አሰበችና «ሰባት ነው ልጄ» አለች። ይህን ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኦክስጅን ቁጥሩ ደህና የሚመስለው እናቴ በሙሉ ጉልበቷ እየታገለች ስለያዘችው እንደሆነ፣ መለካት ያለበትም ትግሉ ጭምር እንደሆነ ያስረዳችን እሷ ናት።

ከዚያ አፍንጫዋን በመቆንጠጫ ይዛ፣ አፏ ላይ ቱቦ ያለው መሣሪያ አድርጋ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ውስጥ እንድትስብ አደረገቻት። የመሣሪያውን አሠራር እኔ አላውቀውም። የገባኝ የመተንፈሻ ጡንቻዎቿ ጉልበት እንደሚለካበትና የእሷም በጣም ደክሞ መገኘቱን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት አልሰለቸችም፤ «አሮጌው አየር በደንብ ስለማይወጣ ደረቷ እንደሞላ ይቀራል፤ በሞላ ስኒ ላይ ቡና እንደ መቅዳት ነው» አለችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ያስተማረቻት ማስወጣትን ነው፦ በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ የሳበችበትን እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶ ቀስ ብሎ ማውጣት። ሲብስባት ክርኗን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ወደ ፊት ዘንበል እንድትል። የመተንፈሻ ጡንቻዋን የምታለማምድበት፣ ሲስቡት ከበድ የሚል ትንሽ መሣሪያም አለ፤ ክብደቱን ቀስ በቀስ ትጨምርላታለች። መድኃኒቱ አፍ ላይ ሳይቀር ሳንባ እንዲደርስ ከኢንሄለሩ ጋር የሚገጠመውን ማስተላለፊያ መድኃኒት ቤት ስናጣ ከግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ራሷ ሠርታ ሰጠችን። የእንቅልፍ ኪኒኑን ስታይ ደግሞ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል ብላ ወዲያው ሐኪሟ ዘንድ ይዛን ሄደች፤ እሱም አስቆመው።

እናቴን ከሁሉ በላይ ያስደሰታት ግን ማርገብገቢያው ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ፊት ላይ ሲያርፍ የትንፋሽ እጥረት ስሜትን እንደሚቀንስ ነገረቻት። እናቴ የቡና ከሰሏን ስታርገበግብበት የኖረችውን የሰንበሌጥ ማርገብገቢያ አሁን ወደ ፊቷ አዙራ ትይዘዋለች። የትም ስትሄድ ይዛው ነው የምትሄደው። የምትጋግረውም እህቴ ሆናለች፤ ምድጃውን ከቤት አውጥተን ከደጅ ዳስ ሠርተንለታል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ «እማማ፣ ምን ማድረግ ነው የናፈቀዎት?» ብላ ጠይቃት ነበር። እናቴ «ሶላቴን ቆሜ መስገድ» አለቻት፤ ስታጎነብስ ትንፋሿ እየተቆረጠ ወንበር ላይ ነበር የምትሰግደው። ይህች ልጅ አልረሳችውም። በሄድን ቁጥር መቆሙን፣ ማጎንበሱን፣ መነሳቱን ከአተነፋፈሱ ጋር እያቀናጀች አለማመደቻት፤ ስትወርድ እንድታወጣ፣ ቀና ስትል እንድትስብ። አልሐምዱሊላህ፣ ባለፈው ረመዳን እናቴ መግሪብን ቆማ ሰገደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ሕመሙ ጨርሶ የሚድን አይደለም፣ ይህንንም ሳትደብቅ ነግራናለች። ግን ያ ሰባት የነበረው አሁን ሦስት ነው ትላለች እናቴ፣ በጥሩ ቀን ሁለት። በአገራችን ምድጃ ሥር ስንት እናቶች እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ። እባካችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አታስቀምጧቸው፤ ውሰዷቸው፣ አስመርምሯቸው። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አጽፉ፣ የቆዩ ራጆችንና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ያዙ፣ በጠዋት ድረሱ፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ብላችሁ ጠይቁ። ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ግን ተራ ሳትጠብቁ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የእናቴ ዱዓ አይለይሽ። የላስቲክ ጠርሙሱ አሠራር፣ የምድጃው ጉዳይ ግር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።